አንድ ጆንያ ከሰል ስንት ሸክም እንጨት ይበላል?

አገሮች ከሚጠቀሙት ኃይል ምን ያህሉን ከእንጨት፣ ከእበት፣ ከገለባና ከመሳሰሉት እንደሚያገኙ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ቢዘረጋ ስዊድንና ኢትዮጵያ ሁለቱም «ብዙ» ከሚባሉት ወገን ይገኛሉ። የስዊድን ድርሻ ሲሶ ገደማ ነው። የኢትዮጵያ ከአሥር እጅ ዘጠኝ ያህል። ሰንጠረዡን ብቻ ያየ ሰው በታዳሽ ኃይል ስዊድንን በሩቁ አስከንድተናታል ብሎ ሊኮራ ይችላል። ስዊድናዊው ግን ማገዶውን አያየውም፤ ከከተማው ዳር ባለ ጣቢያ የእንጨት ፍርፋሪና የመጋዝ ሰጋቱራ ይነድዳል፣ የሞቀው ውሃ በቱቦ ቤቱ ይደርሳል። በአርባ ምንጭ ማገዶው ከማለዳ ጀምሮ በሴቶች ጀርባ ላይ ሆኖ ሲቀላ ወደተባለው የከተማዋ ክፍል ሲገባ ይታያል።

ሁለቱን አገሮች ጎን ለጎን ያስቀመጣቸው «ባዮኢነርጂ» የተባለው የሒሳብ መደብ ነው። ከተክልና ከእንስሳት ተገኝቶ፣ ነድዶ ወይም ተብላልቶ ኃይል የሚሰጥ ሁሉ እዚያ ይደመራል፦ ፍልጥ፣ ጭራሮ፣ ከሰል፣ ኩበት፣ የበቆሎ አገዳ፣ ከሞላሰስ የሚወጣ ኤታኖል፣ ከዘንባባ ዘይት የሚሠራ ናፍጣ፣ ከእበት የሚገኝ ጋዝ። ዓለም አቀፉ የኃይል ኤጀንሲ ድምሩ እንዳያሳስት ለሁለት ይከፍለዋል። «ዘመናዊ» የሚለው ክፍል ከዓለም የኃይል አቅርቦት 6 በመቶውን አለፍ ይላል፤ ከታዳሽ ኃይል ውስጥ ደግሞ ከግማሽ በላዩን ይይዛል። ውሃ፣ ነፋስና ፀሐይ አንድ ላይ ሆነው አያህሉትም። «ባህላዊ» የሚባለው በጉልቻና በተራ ምድጃ የሚነድደው ነው። የመጀመሪያው እንዲያድግ፣ ሁለተኛው እንዲጠፋ ይፈለጋል። ስለዚህ በአንድ አገር የባዮኢነርጂ ፍጆታ ጨመረ ወይም ቀነሰ የሚል ዜና ሲመጣ፣ የየትኛው እንደሆነ ካልታወቀ ደግ ይሁን ክፉ መለየት አይቻልም።

የእኛ ከሞላ ጎደል ሁለተኛው ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው በኢትዮጵያ በዓመት ለማገዶ የሚውለው እንጨት ከ100 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይበልጣል፤ በአፍሪካ የሚስተካከለን የለም። በንጹሕ ምድጃ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ፣ በቡታ ጋዝ ወይም በባዮጋዝ፣ የሚያበስለው ሕዝብ ከመቶ አሥር አይሞላም።

ወደ አርባ ምንጭ እንመለስ። ኩልፎ ከጋሞ ደጋ ተነስቶ፣ የአርባ ምንጭን ጥግ ታክኮ፣ ጫሞ ሐይቅ የሚገባ ወንዝ ነው። ሌላዋ የከተማዋ ክፍል ሴቻ ከተቀመጠችበት ገደል ሥር ደግሞ ለከተማዋ ስም የሰጧት ምንጮች ይፈልቃሉ። ዙሪያው ደረቅ የቆላ ቁጥቋጦ ሆኖ ሳለ በዚያ ሥፍራ ሰማይ የጋረዱ ሾላዎች ያሉበት ደን የበቀለው ከመሬት ውስጥ በሚወጣ ውሃ ነው። ከተማዋ የምትጠጣውም ከእነዚሁ ምንጮች ነው። ደኑ በ1966 ዓ.ም. የተመሠረተው፣ 514 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋው የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ አካል ነው። ፓርኩ ታዲያ የሜዳ አህያና የቆርኬ መኖሪያ ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ የአርባ ምንጭ ማገዶ ቤትም ነው። ከተማዋ ባደገች ቁጥር የምድጃዋም ቁጥር ያድጋል፤ ፓርኩ ግን አያድግም።

ስለ ፓርኩ መራቆት ሲወራ ጣት ቶሎ የሚቀሰረው እንጨት በተሸከመችው ሴት ላይ ነው። በአደባባይ የምትታየው እሷ ስለሆነች ይመስለኛል። አብዛኛውን ጊዜ የምትለቅመው የደረቀና የወደቀ ነው። እርጥብ ዛፍ ከባድ ነው፣ ለመቁረጥ ጊዜ ይወስዳል፣ ገበያ ላይም አይፈለግም። ከማገዶ ለቀማ ይልቅ ደን የሚመነጥረው እርሻ ነው። ሁለተኛውን ጥፋት መፈለግ ያለብን ከሰሉ ዘንድ ነው፤ እሱን ለመረዳት ደግሞ ትንሽ ሒሳብ ያስፈልጋል።

ከሰል የሚከስለው እንዲህ ነው። እንጨቱ ይከመራል፣ በቅጠልና በሳር ይሸፈናል፣ በላዩ አፈር ይለበጣል፣ ከዚያ በአንድ በኩል እሳት ይገባበታል። አየር ስለሚያጥረው ተንቦግቡጎ አይነድድም፤ ለቀናት እየጨሰ ውሃውና ተኖ የሚሄደው ሁሉ ወጥቶ ካርቦኑ ይቀራል። በዚህ ዓይነት የአፈር ክምር ከእንጨቱ ክብደት ከሰል ሆኖ የሚገኘው ከመቶ 10 እስከ 20 ነው። መካከሉን 15ን እንውሰድ። 30 ኪሎ የሚመዝን አንድ ጆንያ ከሰል ለማግኘት 200 ኪሎ እንጨት ያስፈልጋል ማለት ነው። አንዲት ሴት በጀርባዋ የምትሸከመው 30 ኪሎ ገደማ ነው ብንል፣ ጆንያው ውስጥ ሰባት ሴቶች የሚሸከሙት እንጨት አለ። እነሱ ቢያልፉ መንገድ ይሞላሉ፤ ጆንያው ግን በአንድ ሞተር ብስክሌት ኋላ ታስሮ ማንም ሳያየው ያልፋል።

ሙቀቱንም እንቁጠር። አንድ ኪሎ የደረቀ እንጨት 15 ሜጋ ጁል ያህል ሙቀት አለው፤ አንድ ኪሎ ከሰል 29 ገደማ። ሁለት መቶው ኪሎ እንጨት 3,000 ሜጋ ጁል ይዞ ወደ ክምሩ ገብቶ 870 ይዞ ይወጣል። ከሰባ በመቶ የሚበልጠው ማሰሮ ሳያይ በጫካ ጨሶ ቀረ። ያው እንጨት ሳይከስል በጉልቻ ቢነድድስ? ጉልቻ አባካኝ ነው፤ ማሰሮው የሚያገኘው ከመቶ 12 ያህሉን ነው፣ ማለትም 360 ሜጋ ጁል። ከሰሉ ከመቶ 25 ያህሉን ለድስቱ በሚያደርስ ምድጃ ቢነድድ 218 ይሰጣል። የተሻለ የእንጨት ምድጃ ያለው ቤት ደግሞ ከዚያው እንጨት 750 ያገኛል። ቁጥሮቹ ግርድፍ ናቸው፤ እንደ እንጨቱ ዓይነት፣ እንደ አክሳዩ ሙያ፣ እንደ ምድጃውም ይለያያሉ። ቅደም ተከተላቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ አይለወጥም።

ታዲያ ከተሜው ለምን ከሰል ይወዳል? ምክንያቱ በቂ ነው። ሳሎን ውስጥ ቡና ይፈላበታል፣ ግድግዳ አያጠቁርም፣ ዓይን አያስለቅስም፣ ጥግ ላይ ተቀምጦ አይነቅዝም። ጆንያ መግዣ የሌለው በላስቲክ ለአንድ ቀን የሚበቃውን ይገዛል። ለነጋዴውም ከሩቅ ለማጓጓዝ የሚያዋጣው ከሰል ነው፤ ክብደቱ ቀላል፣ ሙቀቱ ብዙ። ገጠሬው ወደ ከተማ ሲገባ ከእንጨት ወደ ከሰል ይዛወራል፣ ኑሮውም ትንሽ ይሻሻላል፤ በጫካው ላይ የሚያርፈው ጫና ግን ይከብዳል። በምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች ሁሉ የሚታየው ይህ ነው። (ጭስ የለውም ማለት ግን መርዝ የለውም ማለት አይደለም። በተዘጋ ክፍል የሚነድድ ከሰል ሽታና ቀለም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ በር ዘግቶ ከሰል አንድዶ መተኛት ይገድላል።)

ከአርባ ምንጭ ወደ ጋሞ ደጋ፣ ወደ ጨንቻና ዶርዜ ሲወጡ ሁኔታው ይለወጣል። በደጋው ብርድ ምድጃው ማብሰያም መሞቂያም ነው። በቀርከሃ በተሠራው የዶርዜ ቤት ውስጥ ጭሱ ራሱ ሥራ አለው፤ ቀርከሃውን ከነፍሳት ይጠብቃል። ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ይዞ የሚመጣ ባለሙያ ይህን ካላወቀ ምክሩ ለምን እንዳልተያዘ አይገባውም። ጭሱ በሰው ሳንባ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ግን እውነት ነው፦ የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ሳቢያ በዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ገምቷል።

በጋሞ ደጋ አንድ ሌላ ልዩ ነገር አለ። በሰሜን ሸዋ፣ በወሎና በትግራይ ደጋዎች ዛፍ ከተመናመነ ወዲህ እበት ተጠፍጥፎ ኩበት ይሆናል፤ ማሳው የሚገባውን ማዳበሪያ ምድጃ ይበላዋል። ጋሞ ግን የእንሰት አገር ነው። እንሰት ያለ ፍግ አይሆንም፤ ከበረት የወጣው በቀጥታ ጓሮ ይሄዳል፤ እበት ማንደድ ለጋሞ ገበሬ ነገ የሚበላውን ቆጮ ማንደድ ነው። በደጋው የተቀደሱ የሚባሉ ጥብቅ ደኖችም አሉ፤ ከእነሱ ዛፍ መቁረጥ ጎሜ ነው፣ መዓት ያመጣል ተብሎ ይፈራል። እነዚህ ሁለት ነገሮች፣ የእንሰቱ ፍግና ጎሜው፣ የትኛውም የመንግሥት መመሪያ ሳይጠብቃቸው አፈርና ዛፍ ሲያቆዩ ኖረዋል። ቀሪውን የማገዶና የግንድ ፍላጎት ባህር ዛፍ ይሸፍናል፤ በ1880ዎቹ ዓ.ም. አዲስ አበባን ከማገዶ ረሃብ ያዳነው ዛፍ ደጋውን ሁሉ አዳርሷል።

በዓለም ከምድጃ ጋር ከታገሉት አገሮች ለእኛ የምትቀርበው ህንድ ናት፤ እዚያም ኩበት አለ፣ እዚያም እንጨት ተሸካሚዋ ሴት ናት። በግንቦት 2016 እ.ኤ.አ. የህንድ መንግሥት ለድሃ ቤተሰቦች፣ በሴቲቱ ስም፣ የቡታ ጋዝ ሲሊንደርና ምድጃ ማከፋፈል ጀመረ። በሦስት ዓመት ተኩል ገደማ 80 ሚሊዮን ቤት ደረሰ። እንዲህ ያለ ፍጥነት በታሪክ ብዙ አልታየም። ችግሩ የመጣው ሲሊንደሩ ባዶ ሲሆን ነው። መልሶ ለማስሞላት ገንዘብ ያስፈልጋል፤ እንጨት ደግሞ ከጓሮ ነው። ብዙዎቹ ጋዙን ለሻይና ለእንግዳ፣ እንጨቱን ለዋናው ምግብ አደረጉት። ቤተሰብ ነዳጅ የሚቀይረው አሮጌውን ጥሎ አይደለም፤ አዲሱን ከጎኑ ይጨምራል። አርባ ምንጭም የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ የከሰል ምድጃና ጉልቻ በአንድ ግቢ ያሉበት ቤት ማግኘት አይቸግርም። መብራት ሲኖር ይኼ፣ ሲጠፋ ያ።

ኢንዶኔዥያ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከነጭ ጋዝ ወደ ቡታ ጋዝ በድጎማ ተሻገረች፤ ከዚያ በኋላ በሌላ በር ወደ ባዮኢነርጂ ገባች። ናፍጣዋ ውስጥ የዘንባባ ዘይት ትቀላቅላለች፦ በ2020 ድርሻው 30 በመቶ ነበር፣ በ2025 ወደ 40 ከፍ አለ። ከምድጃው ነጭ ጋዝ ወጣ፣ ከመኪናው ታንክ የዘንባባ ዘይት ገባ። የዘንባባ እርሻው ለመስፋት የበላው ደን ስላለ ይህን «አረንጓዴ» ለማለት እኔ አልቸኩልም።

ብራዚል በዚህ መንገድ ከሁሉ ቀድማለች። በ1973 እ.ኤ.አ. የነዳጅ ዋጋ ሲንር ከሸንኮራ አገዳ ኤታኖል ማምረትን በ1975 የመንግሥት መርሐ ግብር አደረገችው። ጉዞው ቀጥ ያለ አልነበረም፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ ኤታኖል ጠፍቶ የገዛ መኪናቸው ያሳፈራቸው ሰዎች ብዙ ነበሩ። መርሐ ግብሩን ያዳነው በ2003 እ.ኤ.አ. የመጣው ቤንዚንም ኤታኖልም የሚቀበል መኪና ነው፤ አሽከርካሪው ማደያ ላይ ርካሹን ይመርጣል። በነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. በብራዚል ቤንዚን ውስጥ ያለው የኤታኖል መጠን ከ27 ወደ 30 በመቶ ከፍ ብሏል። ፋብሪካዎቹ የአገዳውን ገለባ እያነደዱ ኤሌክትሪክም ያመነጫሉ።

አውሮፓ ውስጥ ስዊድን የተሳካላት በ1991 እ.ኤ.አ. በካርቦን ላይ ግብር ጥላ ዘይቱ እንዲወደድ፣ ከራሷ መጋዝ ቤቶች የሚተርፈው ሰጋቱራ እንዲያዋጣ ስላደረገች ነው። ጀርመን ከ9,000 በላይ የባዮጋዝ ጣቢያዎች አሏት፤ ለእነሱ ተብሎ በቆሎ ይዘራል፣ ይህም ለሰው የሚሆን መሬት ለጋዝ ይሁን ወይ የሚል ክርክር አስነስቷል። ከሁሉ የሚገርመኝ እንግሊዝ ዮርክሻየር ያለው የድራክስ ጣቢያ ነው። በአገሪቱ ትልቁ የድንጋይ ከሰል ጣቢያ ነበር፤ አሁን ከአሜሪካና ከካናዳ ደኖች ተፈጭቶ፣ ተጨምቆ፣ በመርከብ ውቅያኖስ ተሻግሮ የሚመጣ እንጨት ያነድዳል። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ካርቦን በእንግሊዝ መዝገብ ዜሮ ተብሎ ይጻፋል፤ የሚቆጠረው ዛፉ በተቆረጠበት አገር ነው ተብሎ። ዛፉ እስኪተካ የሚያልፉት አሥርት ዓመታት ግን በየትኛውም መዝገብ በደንብ አይታዩም። የኩልፎ ዳር ሴት በጀርባዋ የተሸከመችው የደረቀ ጭራሮ ኋላቀር ተብሎ፣ ይኼኛው ታዳሽ ተብሎ ድጎማ ያገኛል።

ኢትዮጵያም «ዘመናዊ» ወደሚባለው ለመግባት ሞክራለች። በ2001 ዓ.ም. የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኤታኖል በአዲስ አበባ ቤንዚን ውስጥ 5 በመቶ መቀላቀል ጀመረ፣ በ2003 ወደ 10 ከፍ አለ። አሁን መንግሥት በቤንዚን የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ስለከለከለ የዚያ መንገድ የወደፊት ዕጣ ጠቧል። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ቆሼ ከተባለው የቆሻሻ መጣያ አጠገብ የተመረቀው የረጲ ጣቢያ ከአዲስ አበባ ቆሻሻ 25 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የታሰበ ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ተኩል ቀደም ብሎ ያው የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው ቀጥፏል። ሁለቱም ሙከራዎች የከተማ ናቸው፤ የምድጃውን ጉዳይ አይነኩም።

ምድጃውን የሚነካው ኤሌክትሪክ ነው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ የአገሪቱ ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውሃ ነው። ግን አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ተኩል ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። በአንድ ሰፈር ሃያ ቤት ቅዳሜ ጠዋት ምጣድ ቢሰካ 70 ኪሎ ዋት ሆነ፤ ትራንስፎርመሩ ለአምፖልና ለቴሌቪዥን የታሰበ ከሆነ አይችለውም። ግድቡ ቢሞላም ሰፈሩ ጨለማ የሚሆነው በዚህ ነው። ዋጋም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ከተሞቻችን ነጭ ጋዝ በድጎማ በረከሰበት ዘመን በብዛት ወደ እሱ ሄደው ነበር፤ ድጎማው ሲነሳ ወደ ከሰል ተመለሱ። የኤሌክትሪክ ታሪፍ ከፍ ባለ ቁጥር ያው እንዳይደገም ያሰጋል።

እንጀራ በሚበላ ቤት ከማገዶው ግማሽ ያህሉን የሚወስደው ጋገራ ነው፤ ስለዚህ ትርፉም እዚያ ነው። ከሲሚንቶና ከአሸዋ መሰል ቀላል ድንጋይ የሚሠራው ምርጥ ምጣድ ዙሪያው ስለተከደነ ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ላቀች የተባለችው የከሰል ምድጃ ደግሞ ሩብ ያህል ታተርፋለች። ሁለቱም ከተሠሩ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። ግድብ አይደሉምና አይመረቁም፤ ያም ሆኖ ለአንድ ብር ወጪ የሚያተርፉት እንጨት ከየትኛውም ትልቅ ጣቢያ የሚያንስ አይመስለኝም።

ለጋሞ ደጋ በተለይ የሚስማማው ባዮጋዝ ነው። እበት ከውሃ ጋር ተደባልቆ ከመሬት በታች በታነፀ ጉድጓድ ውስጥ ያለ አየር ሲብላላ ጋዝ ይወጣዋል፤ ጋዙ ወደ ምድጃ ይሄዳል፣ ዝቃጩ ደግሞ ማዳበሪያነቱ ሳይጎድል ወደ እንሰቱ። ሰሜኑ ከኩበትና ከማሳ አንዱን መምረጥ ሲገደድ እዚህ ሁለቱም ይገኛሉ። ድንቹና ጎመኑ በድስት ስለሚበስል እንደ እንጀራ ሰፊ እሳት አይጠይቅም። ብሔራዊው የባዮጋዝ መርሐ ግብር በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በቀድሞው ደቡብ ክልል ሲጀመር 14,000 ጉድጓድ ለመገንባት አቅዶ በመጀመሪያው ምዕራፍ ከ8,000 ጥቂት በላይ ሠርቷል። እንቅፋቱ ግልጽ ነው፤ ቢያንስ አራት ከብት፣ በየቀኑ ውሃ፣ ለግንባታው ሲሚንቶ። የሚያብላሉት ረቂቅ ሕዋሳትም ሙቀት ይወዳሉ፤ በጨንቻ ብርድ ይዘገያሉ፣ በአርባ ምንጭ ሙቀት ይፈጥናሉ። ሙቀቱ ቆላ፣ እንሰቱና ፍጉ ደጋ ሆነ።

ከኩልፎ ዳር እንጨት ለቅማ የምትሸጠዋ ሴት ግን አራት ከብት የላትም። ለእሷ እንጨቱ ማገዶ ከመሆኑ በፊት የዕለት ገቢ ነው፤ ከተማው በሙሉ ነገ ወደ ኤሌክትሪክ ቢዞር ፓርኩ ያርፋል፣ እሷ ሥራ ትፈታለች። እንጦጦ ላይ ይህ ታስቦበት ያውቃል፦ ባህር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ሽሮ ሜዳ ይወርዱ ከነበሩት ሴቶች የተወሰኑት በማኅበር ተደራጅተው ሽመና ተማሩ፤ ሻርፕና ነጠላ ይሸምናሉ። ከእንጦጦ ግርጌ ያንን ሙያ በስሙ የሚያስጠራው የዶርዜ ሰው ነው። በጋሞ ደጋ ግን ሽመና የወንድ ሥራ ነው፣ ሴቷ ትፈትላለች። እንጦጦ ላይ የሠራው መፍትሔ ሽመናው ወደ ተነሳበት አገር ሲመጣ መጀመሪያ የሚገጥመው ይኼ ይሆናል።